ሙሾዬን ለንስሐ አባቴ ልናዘዘው ወይስ ጸሎት ነው?

ሰፊዋ (ደብረ ብርሃን)

እንደምን ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ታናሽ ወንድሜ በዚህ ዓመት በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ተያያዘው። ጣርማ በር ላይ ጉም ጠበቀው። ያንን መንገድ የምትመላለሱበት ታውቁታላችሁ፤ በበልግ ዝናብ ጊዜ ጉሙ ከቆላው እየተነሣ አፋፉ ላይ ሲተኛ ሾፌር የራሱን መኪና አፍንጫ አያይም። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መኪናው ገደል ገባ። ረዳቱ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ።

አስከሬኑን ወደ መንዝ ወሰድነው። አባታችን የተቀበረበት ደብር ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ረቡዕ ቀበርነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት እንደማይደረግ ታውቃላችሁ፤ ካህናቱ አስቀድመው በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለሁላችንም ያደርሱታልና። መስቀል ማሳለምም የለም። ወንድሜ ያንን ዜማ ሳይሰማ ወደ መሬት ወረደ። ቄሱ «ልጄ፣ በሆሣዕና ተፈትቶለታል፤ አንቺም እኮ ያን ዕለት ቆመሽ ነበር» አሉኝ። አመንኳቸው። ጆሮዬ ግን አንድ የጎደለ ነገር ሲጠብቅ ቀረ።

እናቴ በአገሩ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት። በደህናው ጊዜ ለቅሶ ሲደርስ ከሩቅ ቀበሌ በቅሎ ይላክላት ነበር። ገንዘብ ተቀብላ አታውቅም፤ ሲሰጧት ትቆጣለች። አባቴ የሞተ ጊዜ ያወረደችውን የሰፈሩ ሴቶች እስከ ዛሬ ይሉታል፦

ገበያ ወጣሁኝ እንባዬን ልሸጠው፣
ካንተ ሌላ ገዢ ማንም አልመረጠው።

ለወንድሜም ጀመረች። ካህናቱ በሥርዓቱ ምክንያት ዝም ባሉበት ቀን እሷ አፏን ከፈተች፤ «ከሕማማት ሌላ ቀን አጣህለት ወይ» እያለች ፈጣሪን ስትጠይቅ ድንኳኑ በሙሉ ተላቀሰ። በዚህ መሀል ከከተማ የመጣ አንድ ወጣት ሰባኪ ብድግ ብሎ «እግዚአብሔርን የምትከሱት እናንተ ማን ናችሁ? ይህ የአሕዛብ ልቅሶ ነው» አለ። እናቴ ስንኙን ሳትጨርስ አቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ለበሰች ተቀመጠች። ከዚያች ቀን ወዲህ አንዲት ስንኝ አልወጣትም። ብታለቅስ እንኳ ደግ ነበር፤ አታለቅስም። እርሟን አላወጣችም።

ከቀብሩ በኋላ አራት ቀን ቆይቶ ትንሣኤ ሆነ። ሊያጽናናኝ የሚገባው ሁሉ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይለኛል፤ እኔም «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» እላለሁ፤ ተነሥቷል፤ ይህን አልጠራጠርም። ወዲያው በዓለ ኃምሳ ገባ። ጾም የለም፤ ስግደት የለም። አርባው እንኳ እዚያው ውስጥ ዋለ። ሐዘኔን ጉልበቴ ላይ ላወርደው ብፈልግ ጊዜው የደስታ ነውና አልተፈቀደልኝም። የቤተ ክርስቲያንን ቀን መቁጠሪያ እየወቀስኩ አይደለም። ከእኔ ቀን ጋር አልገጠመም ማለቴ ነው።

አሁን የሐዋርያት ጾም ገብቷል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ክረምቱ ሳያልቅ የማስረክበው የተማሪ ደንብ ልብስ አለብኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ። ውዳሴ ማርያም እጀምራለሁ፤ በቃሌ እወጣው የነበረው ጸሎት ግማሹ ላይ ይጠፋብኛል። በምትኩ እግሬ መርገጫውን ሲመታ ስንኝ ይመጣል። እናቴ ያቆመችው ነገር ወደ እኔ የተሻገረ ይመስል። ሌት ተቀን የሚመላለስብኝ ይኼ ነው፦

ጉሙስ ጉም ነውና መንገድ ቢከልለኝ፣
አንተ ከላይ ሆነህ አላየሁም አልከኝ?

ከአፌ ሲወጣ ስሰማው እደነግጣለሁ። ይህን ለፈጣሪ የምለው እኔ ነኝ? ግን ካልኩት በኋላ ነው እጄ የሚፈታልኝና ጨርቁ የሚሄድልኝ።

ስለዚህ ጠየቅኋችሁ። ይህ ድፍረት ነው? ለንስሐ አባቴ ልናዘዘው? ወይስ ጸሎት ሊባል ይችላል? እናቴንስ ምን ልበላት? «ታገሺ» ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ታግሻለሁ፤ ሌላ ነገር ንገሩኝ።

ወልደ ጅሩ (እነዋሪ)

እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የወንድምሽንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። የምለው እንዳይከፋሽ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ብሎ ጽፏል። አታልቅሱ አላለም፤ እንደ እነሱ አታልቅሱ ነው ያለው። ኦሪት ዘዳግምም ስለ ሞተ ሰው ገላን መንጨት ይከለክላል። ኢዮብ አሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ቀብሮ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» አለ እንጂ «አላየህም ወይ» አላለም።

ስለ ሙሾም በእኛ በጅሩ ያየሁትን ልናገር። አልቃሹ የሟቹን ጠመንጃ ያወድሳል፤ ያደለባቸውን ሰንጋዎች ይቆጥራል፤ ደመኛውን ይሰድባል፤ ጠላውን ጠጥቶ ብሩን ቆጥሮ ይሄዳል። ያ ጸሎት ከሆነ ፉከራም ጸሎት ነው። የእናትሽ እንደዚያ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሰባኪው አነጋገሩ ሸካራ ይሁን እንጂ ስጋቱ መሠረት አለው። እኔ ብሆን እናዘዘው ነበር።

አንኮበሬ

እኅቴ፣ ነፍስ ይማር። 64 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ፣ ጾመ ድጓ ጀምሬ ያቋረጥኩ፣ ኋላም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጉባኤ ቤቱም መዝገብ ቤቱም የሚያስተምሩት ነገር ስላላቸው ሁለቱንም አንሥቼ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ቃሉን አዳምጪው። በዳዊት ውስጥ ምእመኑ ፈጣሪውን ሲጠራ ምን ይላል? «አቤቱ» ይላል። የተበደለ ሰው ደጃችን መጥቶ የሚያስገባው ወረቀትስ ምን ይባላል? አቤቱታ። አያቶቻችን በንጉሥ አደባባይ ቆመው «አቤት! አቤት!» እያሉ ሲጮኹ ጩኸታቸው ልመናም ክስም ነበር፤ ሁለቱን የሚለይ ሰው አልነበረም። እዚህ አንኮበር ቤተ መንግሥቱ በነበረበት ኮረብታ ሥር ስንቱ ደጅ ሲጠና ከርሟል። ደጅ የሚጠና ሰው ቢያኮርፍም ደጁን አይለቅም።

በሥራ ዘመኔ ሁለት ዓይነት የተበደለ ሰው አይቻለሁ። አንዱ እየጮኸ፣ አንዳንዴም ዳኛውን እየተናገረ፣ መዝገቡን ያስከፍታል። ሁለተኛው ግን አይመጣም። ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ «ምን ዳኛ አለ» ይላል። የመጀመሪያው ሰው ተግሣጽ ይገባው ይሆናል፤ ዳኛ መኖሩን ግን የሚያምን እሱ ነው። ያንቺ ስንኝ «አንተ» ብሎ የሚናገር ነው። ስለ እግዚአብሔር ለሰፈር ሰው አላማሽም፤ ለራሱ ነገርሽው። ሐሜትና አቤቱታ እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ሁለተኛ፣ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲደገም ከ31 እስከ 60 ያለው የማክሰኞ ድርሻ ነው። 43ኛውን ግለጪ፤ የዕብራይስጡን ቁጥር የሚከተል መጽሐፍ ካለሽ 44 ብሎ ይጽፈዋል። የቆሬ ልጆች መዝሙር ነው። መጨረሻው አካባቢ «አቤቱ፥ ንቃ፤ ለምን ትተኛለህ?» ይላል። ቀጥሎም ፊትህን ለምን ትሰውራለህ፣ መከራችንንስ ለምን ትረሳለህ ብሎ ይጠይቃል። አንቺ «አላየህም ወይ» አልሽ፤ እነሱ «ተኝተሃል ወይ» አሉ። የትኛው ይብሳል? ይህን በየማክሰኞው ስንት ቄስ፣ ስንት ባሕታዊ፣ ዳዊቷን በማኅደር ያንጠለጠለች ስንት አሮጊት ይለዋል። ወንድምሽ ባረፈባት ማክሰኞም በዚያው በሸዋ ሲባል እንደነበር አልጠራጠርም። አንዳቸውም ይህን ደገምኩ ብለው ሲናዘዙ ሰምቼ አላውቅም።

የሐሙሱ ድርሻ ደግሞ 87ኛውን ይዟል። እሱን ስታነቢ ጠንቀቅ በይ። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች ሲያልቁ ፀሐይ ብቅ ትላለች፤ «አመሰግንሃለሁ» የሚል ነገር አይጠፋቸውም። ይኸኛው «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ ይጀምርና ወዳጄንም ባልንጀራዬንም ከእኔ አራቅህ ብሎ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። መምህሬ እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ ቆም ያደርጉን ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም ብርዱ አንዘፍዝፎን ስለነበር አልጠየቅንም።

ለወልደ ጅሩ፦ ወንድሜ፣ የጠቀስከው ኢዮብ የመጀመሪያው ምዕራፍ ኢዮብ ነው። ሦስተኛው ላይ የተወለደባትን ቀን ይረግማል፤ ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ምዕራፍ በላይ ክርክር ነው። ወዳጆቹ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እነሆ ለቅሶ ደራሽ! ጥፋታቸው አፋቸውን መክፈታቸው ነበር። በመጨረሻ በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው፤ «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅንን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም» ብሎ። ለፈጣሪ ጠበቃ የቆሙት ተወቀሱ፤ የተሟገተው ተመሰገነ።

ጌታችንም በዚያው ሳምንት፣ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት፣ በመስቀል ላይ «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» አለ። 21ኛው መዝሙር የሚከፈትበት ቃል ነው። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ኖሮ ያ ሰባኪ ምን ይል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። የዕብራውያን መልእክት ደግሞ በሥጋው ወራት ጸሎትን ከብርቱ ጩኸትና ከእንባ ጋር እንዳቀረበ ይናገራል።

ቤተ ክርስቲያን ልቅሶን ብትጠላ ኖሮ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት የጽጌ ቀናት ሰቆቃወ ድንግልን በዜማ አታደርስም ነበር። እመቤታችን ልጇን አዝላ በግብፅ በረሃ ስትንከራተት እያሰብን ከማኅሌቱ ጋር እናለቅሳለን፤ ከበሮውም አብሮ አለ። ስለ ራሔልም፣ በግብፅ ጭቃ ስትረግጥ ስለ ወለደችውና እንባዋ ሰማይ ስለ ደረሰው ሴት፣ ተሰብኮ የማያለቅስ ጉባኤ የለም። የራሔልን እንባ በዐውደ ምሕረት እያስለቀሱ የሚናገሩ ሰዎች የመንዝ እናት እንባ ሲያዩ ለምን እንደሚቆጡ አልገባኝም።

ጠመንጃ ስለሚያወድሰው ሙሾ ወልደ ጅሩ ያለውን እቀበላለሁ። በእኛም አገር አለ፤ ለሟቹም ለፈጣሪም ያልተባለ፣ ለጠላው የተባለ ነው።

ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እንደ ኃጢአት ሳይሆን እንደ ሐዘን ንገሪያቸው። የሚያውቁሽ አባት ከሆኑ ልዩነቱን ያውቁታል።

ከአረርቲ

የእናንተ ቤት ሰው አይደለሁም፤ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ በምንጃር አንዲት ትንሽ አጥቢያ ውስጥ መዝሙር እመራለሁ። ጣልቃ ብገባ ይቅርታ።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ የሰባት ወር ጽንስ ተበላሸባት። በሳምንቱ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ የድል መዝሙር መራሁ፤ ያለን እሱ ነውና። «ሃሌ ሉያ በሉ» ስል ድምፄ ተሰበረ። ጉባኤው መንፈስ የነካኝ መስሎት እልል አለ። ባለቤቴ ብቻ ከኋላ ወንበር ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ የልቅሶ መዝሙር ልጽፍ እየሞከርኩ ነው፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ እጄ ሳያስበው ወደ ድል ይመልሰዋል። ልማድ ነው።

ጋሼ፣ 87 ያሉት በእኔ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ነው። ዛሬ ማታ ለባለቤቴ አነብላታለሁ። እኅቴ፣ ስንኝሽ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከአጣዬ

እኔም በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከተማችን ስትቃጠል ልጆቼን ይዤ የወጣሁ ነኝ። በቆላ ነጠላ ዳገቱን ወጥተን ጓሳ ላይ አደርን። ጓሳን በበጋ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚሄድ ሰው ውብ ነው ይላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ሣሩ ላይ የነበረውን ውርጭ ነው የማውቀው። ኋላ መሐል ሜዳ ዘመድ ቤት ተጠጋን።

ያን ጊዜ የሚያጽናናኝ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር የፈቀደው ነው» ይለኝ ነበር። መልስ የለኝም፤ ጥርሴን እነክሳለሁ። የተጠጋሁበት ቤት ባለቤት መርጌታ ነበሩ፤ አንድ ቀን ምንም ሳይሉ ሰቆቃወ ኤርምያስን ገልጠው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «ሕዝብ ሞልቶባት የነበረች ከተማ እንዴት ብቻዋን ተቀመጠች!» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻልኩም፤ ለሦስት ቀን እሷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ደጋገምኳት።

ስጨርሰው መርጌታ አንድ ነገር ነገሩኝ። በዕብራይስጡ የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች በፊደል ተራ የተገጠሙ ናቸው፤ ከአሌፍ እስከ ታው፣ 22 ፊደል። ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ በእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ጊዜ እየጀመረ 66 ቁጥር አለው። ምን ይደረግልህ ብዬ ነበር በሆዴ፤ ከተማ ተቃጥሎ ፊደል መቁጠር! ውሎ አድሮ ነው የገባኝ። ያን ሰሞን ያስፈራኝ ማልቀሱ አልነበረም፤ ከጀመርኩ ማቆሚያ አላገኝለትም ብዬ ነበር የምፈራው። ፊደሉ ማቆሚያ አለው። ታው ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ትወስጃለሽ፤ ከዚያ እንደገና ከአሌፍ። የእናትሽ ሙሾም ቤት የሚመታው ለዚህ ይመስለኛል። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ተራው ይፈርሳል፤ ቁጥሩ 22 ሆኖ ፊደሉ ተበትኗል። እሱም ገብቶኛል።

በዚያ ሁሉ ልቅሶ መሀል እግዚአብሔር ሲናገር የሚሰማው አንድ ቦታ ነው፤ ያውም ነቢዩ ጠቅሶት፦ «በጠራሁህ ቀን ቀርበህ፦ አትፍራ አልህ።» የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ መልስ የለም።

ስለ እናትሽ። አንዳንድ ሰው ሙሾ አውርጂ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ብሎ ያስገድዳል፤ እኔንም አድርገውኛል፤ እልህ ነው የሚያስይዝ። አትጠይቂያት። አጠገቧ ሆነሽ ያንቺን በያት።

ወልደ ጅሩ (እነዋሪ)

የጋሼን ደጋግሜ አነበብኩት። የማክሰኞውን ሳውቀው የማላውቀው ሆኖብኝ ነበር፤ በየሳምንቱ እደግመዋለሁ እኮ። ነገር ግን ምዕራፍ 42ን ከጠቀሱ ቁጥር 6ንም ይጥቀሱ። ኢዮብ «ራሴን እንቃለሁ፥ በአፈርና በአመድ ላይ ተቀምጬ እጸጸታለሁ» ብሏል። ክርክሩን ትቷል ማለት ነው።

አንኮበሬ

ልክ ነህ፤ ትቷል። አምላኩ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ካነጋገረው በኋላ ነው የተወው። ለእኅታችን ገና አልተነገራትም፤ ከአሁኑ ዝም በይ አንበላት።

ሰፊዋ (ደብረ ብርሃን)

ዘጠኝ ቀን ጠፋሁባችሁ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወልደ ጅሩም አንተ የምትለውን የሚል ሰው ባይኖር ኖሮ ጋሼ ይህን ሁሉ አይነግሩንም ነበር፤ አልተቀየምኩህም። የአረርቲው ወንድሜ፣ መዝሙሩ ሲያልቅልህ እዚህ አምጣው፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ እጅህን እንይዝልሃለን።

የንስሐ አባቴን ገና አላገኘኋቸውም። ለሰኔ ሚካኤል እመጣለሁ ብለዋል።

ቅዳሜ ግን መቀሱን አስቀምጬ ወደ መንዝ ሄድኩ። አውቶቡሱ ጣርማ በር ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ቆላው እስከ ጥግ ድረስ ይታያል። ጉም እንኳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያቺን ቦታ ሳያት እንዲህ ጠባብ መሆኗን አላስብም ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አባት አማተቡ፤ ለምን እንዳማተቡ አላውቅም፤ እኔም አብሬ አማተብኩ።

እናቴን ምድጃ ጥግ አገኘኋት፤ ገብስ ትቆላለች። ማንበብ አትችልም። ከራት በኋላ ዳዊቱን አውጥቼ የማክሰኞውን፣ 43ኛውን፣ አነበብኩላት። ማን እንዳለው፣ መቼ እንደሚባል ነገርኋት። «አቤቱ፥ ንቃ» የሚለው ላይ ስደርስ ገብሱን ማገላበጥ ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ ነቃ?» አለችኝ።

ገጹን አየሁት። «አይናገርም» አልኋት።

«በየሳምንቱ ነው የሚሉት?»

«በየሳምንቱ።»

«አልሰለቻቸውማ» አለች። ቆሎው ሊያርር ነበር፤ አወጣችው።

እንደገና ዝም አለች። የአጣዬዋ እኅቴ ያልሽኝን አስታውሼ አልጠየቅኋትም። የእኔን ልበላት ብዬ ግን አፍሬ ሌሊቱ ተጋመሰ። እሷ ፊት ስንኝ ማለት ሊቅ ፊት ቅኔ እንደ መቀኘት ነው፤ ደግሞም ያ ሰው በድንኳኑ ውስጥ የተናገራትን እኔም የምደግምባት መሰለኝ። በመጨረሻ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ ባናው ውስጥ ሆኜ፣ በቀስታ አልኩት። ጉሙን፣ መንገዱን፣ አላየሁም አልከኝን።

ጨለማው ውስጥ ብዙ ቆየች። ተኝታለች ብዬ ነበር።

«ማን አለው?»

«እኔ።»

«ሁለተኛው ተበላሽቷል።»

አለቀልኝ አልኩ። ስለ ድፍረቱ የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«'አልከኝ' አይባልም» አለች። «መቼ አለሽ? አላየሁም ያለሽ ቀን አለ? ያላለውን አታስብይው። 'በለኝ' ነው የሚባል፤ ይበልሽ እስቲ። ቤቱም ያን ጊዜ ነው በደንብ የሚመታ።»

ተነሥታም ተቀመጠች፤ በጨለማ ነጠላዋን ስትፈልግ ሰማኋት። ድምፅዋ ተዘግቶ የከረመ በር ይመስል ሻከረ እንጂ ዜማዋ ያው የድሮው ነው፦

ጉሙስ ጉም ነውና መንገድ ቢከልለኝ፣
አንተ ከላይ ሆነህ አላየሁም በለኝ።